ገዢዎቹ ዛሬም መጡ

ቦንጋ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ተስፋሁን፣

በስልክ ማውራት ስንጀምር ኔትወርኩ መሀል ላይ ይቆረጥና አንተ እኔ የዘጋሁብህ፣ እኔም አንተ የዘጋህብኝ እየመሰለን ስንኮራረፍ ከረምን። ከእንግዲህ የቤቱን ነገር በወረቀት እናድርገው። ማዕረግ ሚኒባሱን ይዞ ቢታ ገነት ይመላለስ የለ? እጅ በእጅ አደርሳለሁ ብሎኛል። ወረቀት ላይ ደግሞ አትጮህብኝም።

ጉንፋኑ ለቆኛል፤ አታስብ። ዓይኔም ደህና ነው፣ መርፌ ውስጥ ክር አስገባለሁ።

የጠየቅከኝን ልመልስልህ፦ አልተፈረመም። ቀብዱን ተቀብያለሁ፣ ሽማግሌዎቹም ፊት ተስማምተናል፤ የቀረው ማዘጋጃ ቤት ሄዶ መፈረም ብቻ ነበር። ያንተን ውክልና አዘጋጅቼ፣ ነጠላዬን አጥቤ ሰቅዬ ሳለሁ፣ ዋዜማው ላይ ልጆቹ መጡ። ልጆቹ የምልህ ገዢዎቹን ነው። ዝማሬ ጤና ጣቢያ የምትሠራ አዋላጅ ነርስ ናት። እጮኛዋ አሞጽ መንገድ ቀያሽ ነው። ሁለቱም ሠላሳ አልሞላቸውም።

ዝማሬ በሩ ላይ ቆማ፣ «እትዬ ዙፋን፣ አንድ ነገር ብንጠይቅዎ ይቀየሙናል?» አለችኝ። የአባባ ቁም ሳጥን ይውጣልን ነው ነገሩ። ክፍሉን ለአልጋ ይፈልጉታል።

ቁም ሳጥኑ እዚያው ክፍሉ ውስጥ እንደተሠራ ታውቃለህ። በበር አይወጣ፣ በመስኮት አይወጣ። አናጺውን ጥሩሰውን ጠራሁት። ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ከዞረ በኋላ፣ «እትዬ፣ ወይ ሳጥኑ ይሞታል ወይ ግድግዳው» አለኝ። ግድግዳው ተሸጧል፣ ሳጥኑ ይሙት አልኩት። ለሁለት ሰነጠቀው። ግማሹን ጎረቤታችን ሰላሐዲን ለሱቁ መደርደሪያ ወሰደው፤ ግማሹ በረንዳ ላይ ነው። ከጀርባው የተነፈሰ ኳስ ወጣ። ስምህን በእስክሪብቶ ጽፈህበታል፣ ያውም በሁለት ቦታ።

አትናደድ። ፊርማው ለሚቀጥለው ሳምንት ተዛውሯል።

እህትህ ዙፋን


ቢታ ገነት፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

ማዕረግ ደብዳቤሽን ያመጣልኝ ገበያ መሀል ነው፤ እዚያው ቆሜ አነበብኩት። ጉንፋኑ ስለለቀቀሽ ደስ ብሎኛል። እኔም ደህና ነኝ። ምግብ እበላለሁ። ማን እንደሚሠራልኝ መጠየቅሽን ተይ፤ እበላለሁ አልኩሽ። ቤቱን ሸጠሽ ወደኔ ስትመጪ የምትገቢበት ክፍል አልቋል ማለት ይቻላል፤ የቀረው ጥቃቅን ነገር ነው።

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ቤት እንዳለ ታይቶ ነው የሚሸጠው። አዩት፣ ወደዱት፣ ቀብድ ሰጡ፤ አለቀ። ከቀብድ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ጥያቄ አይደለም፣ ልብ መለካት ነው። ሳጥን አውጡ አሉ፣ አወጣሽ። አሁን እሺ ባይ መሆንሽን አውቀዋል። ነገ ጣሪያው ይቀየር ይላሉ። ከነገ ወዲያ ሽንት ቤቱ ወዲያ ማዶ ይሁን ይላሉ። አባባ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆነው ያን ሁሉ ዘመን ሲሠሩ አንድ የተፈረመ ወረቀት በልመና ሲያስተካክሉ አይተሻል?

የልጅቷ ወገኖች እነማን ናቸው? ልጁስ የማን ልጅ ነው? አጣሪ። ሁለተኛ ደግሞ ሲመጡ ሳቅ አታሳዪያቸው። አንቺ ሲመጡ ምሳ ታቀርቢያለሽ፤ አውቅሻለሁ። ምሳ የበላ ገዢ አፉ ይከፈታል።

ኳሱን አትጣይው።

ወንድምሽ ተስፋሁን


ቦንጋ፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ተስፍሽ፣

ጣሪያ አላሉም። ሽንት ቤትም አላሉም። ግቢውን ለኩ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ መጡ። አሞጽ ያንን የሥራ ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ ከበረንዳው እስከ አጥሩ፣ ከጓሮው እስከ በሩ ለካው። ቀጥሎ የግቢውን በር ስፋት ለካና ራሱን ነቀነቀ። ዝማሬን «ጠባብ ነው» አላት። እሷም «ቀስ በል፣ ይሰማሉ» አለችው። እኔ ደግሞ ቡና እየለቀምኩ ሰምቻቸዋለሁ። ምን ሊያደርጉበት እንደሆነ ስጠይቅ ሁለቱም በአንድ ጊዜ «ምንም!» አሉ። ምሳ አላቀረብኩም፤ ምሳ ሰዓት አልፎ ነበር። መክሰስ ነው ያቀረብኩት።

ወገኖቿን ጠይቀኸኛል። የማንኪራ ልጅ ናት። እናት አባቷ በሕፃንነቷ ነው የሞቱት። ያሳደጓት የመንደሩ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ቤት ክረምቱን፣ ሌላው ቤት በጋውን። ደብተር የሚገዛላት በማር ነበር፤ ቀፎ የቆረጠ ሁሉ ለሷ ትንሽ ያስቀርላት እንደነበር ነገረችኝ። የወላጆቿ ጎጆ ወድቆ አሁን ቦታው ላይ ቡና በቅሎበታል። ይህን ስትናገር አላዘነችም፤ «ጥሩ ቡና ነው» ነው ያለችኝ። አሞጽ የሺሺንዳ ልጅ ነው፤ አባቱ መጋዘን አላቸው። ሰው ጠይቄ አጣራሁ፣ ክፉ የተናገረባቸው የለም። ጴንጤዎች ናቸው። አሁን እሱን አንስተህ እንዳትጽፍልኝ፤ የአባባ ወዳጅ የነበሩት ጋሽ ወልደሥላሴም ልጃቸው ጴንጤ ሆና ነው እስከ መጨረሻው ያስታመመቻቸው።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ጠይቀዋል። ፊርማው ከገና በኋላ ይሁንልን አሉ። እሺ ብያለሁ።

ክፍሌ የቀረው ጥቃቅን ነገር ምንድነው? ጥቃቅኑን ስም እየጠራህ ጻፍልኝ።

ዙፋን


ቢታ ገነት፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

መጠጥ ቤት ነው! ግቢ የሚለካ፣ በር ጠበበ የሚል፣ የቢራ መኪና ሊያስገባ ያሰበ ነው። አባባ የጸለዩበት ግቢ ውስጥ ድምፅ ማጉያ ሊተከል ነው። ጴንጤ ናቸው ብለሽኛል፤ እንግዲያው መጠጥ ቤት ካልሆነ ምንድነው? መኪና ማጠቢያ?

ይህን እንተወው። ማዕረግ ደብዳቤሽን ሲሰጠኝ፣ «እትዬ ዙፋን ያንን ሆቴል የሚሠራውን ሰውዬ እምቢ አሉት አይደል?» አለኝ። «የቱን ሰውዬ?» አልኩት። አፉን በእጁ ያዘ። ምሳ ከጋበዝኩት በኋላ ነው የተናገረው። ደላላው ፍቃዱ ከልጆቹ የበለጠ የሚከፍል፣ አንዳችም ጥያቄ የሌለው፣ በማግስቱ የሚፈርም ሰው አምጥቶልሽ ነበር። አንቺም ለእኔ ሳትነግሪኝ መልሰሽ ላክሽው።

እኔ እኮ ወንድምሽ ነኝ። የግማሹ ቤት ወራሽ ነኝ። እንዲህ ያለ ነገር ከሹፌር ነው የምሰማው? ፊርማው በገና ማግስት ካልተፈረመ ውክልናዬን አነሳለሁ። አልጮህኩም፤ ቁልጭ አድርጌ ነው የጻፍኩት።

ተስፋሁን


ቦንጋ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ፣

ስለ ሰውዬው ይቅርታ አድርግልኝ። መንገር ነበረብኝ። ያልነገርኩህ፣ ብነግርህ «ለእሱ ሽጪ» እንደምትለኝ ስላወቅሁ ነው። ሰውዬው ሲመጣ ቤቱን አላየም፤ መንገዱን ነው ያየው። ሳሎን ውስጥ ከነጫማው ቆሞ፣ እኔም አጠገቡ ቆሜ፣ ለፍቃዱ «ይኼ ይፈርሳል፣ ይኼም ይፈርሳል» ይለው ነበር። እጁን ወደኔም ጠቆም ሲያደርግ የምፈርስ መስሎኝ ወደ ጓዳ ገባሁ። በቃ ይኸው ነው። መብቱ ነው፤ ገንዘቡን የሚከፍል ሰው ያፈርሳል። እኔ ግን በዓይኔ እያየሁ እሺ ማለት አቃተኝ።

አሁን የግቢውን ልኬት ነገር ልንገርህ። ደብዳቤህ እንደደረሰኝ ዝማሬን አስጠራኋትና «ግልጹን ንገሪኝ፣ መጠጥ ቤት ነው?» አልኳት። መጀመሪያ ሳቀች፤ ሳቋ ሲያልቅ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ቃሏን እንዳለ ልጻፍልህ፤ እኔ ብነግርህ አታምነኝም።

«እትዬ፣ ሙሽራ ከእናት ከአባቷ ቤት ነው የምትወጣው። አሞጽ ሽማግሌ ልላክ ሲለኝ ወዴት ትልካለህ አልኩት። የሚያንኳኩት በር የለኝም። የማንኪራ ሰዎች ከማናችንም ቤት ሙሽራ ሆነሽ ውጪ አሉኝ፤ ሁሉም ቤት ግን የሌላ ልጅ አለው። ይህን ቤት ልናይ የመጣን ቀን እርስዎ ሳትበሉ አትሄዱም ብለው በሩን ቆለፉብን። ማታ ለአሞጽ፣ ከዚያ ቤት ወጥቼ ባገባ ብዬ ነገርኩት። ግን ከፈረምን ቤቱ የእኔ ይሆናል። ከራሷ ቤት ወጥታ ወደ ራሷ ቤት የምትገባ ሙሽራ የለችም። ስለዚህ ቤቱ ገና የእርስዎ እያለ መውጣት አለብኝ። ሁለት ጊዜ ልንነግርዎ መጥተን ሁለቴም አፈርን። አሞጽ ሲያፍር ይለካል።»

ተስፍሽ፣ ሠርጉ ጥር 24 እንዲሆን አስበዋል። እኔ እናት ሆኜ እንድቀመጥ። ፊርማው ከሠርጉ በኋላ። አስብበታለሁ ማለት ነበረብኝ፤ ግን ከወንበሬ ተነስቼ አቅፌያት ነበር።

አባት ሆኖ የሚቀመጥ ሰው ደግሞ ያስፈልጋል። ሽማግሌዎቹን የሚቀበል፣ የሚመርቃቸው፣ ጉልበቱን የሚስሙት። ከአንተ ሌላ ማን አለኝ?

መልካም ገና ይሁንልህ።

ዙፋን


ቢታ ገነት፣ ጥር 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

ገናን ደህና ዋልኩ። አንቺም ደህና እንደዋልሽ ተስፋ አደርጋለሁ።

ልጅቷ አሳዝናኛለች። አልዋሽም። ነገር ግን አስቢው። ሠርጋቸውን በነጻ ደግሰው ቢቀሩስ? ወይም ከሠርጉ በኋላ ልባችን ሌላ ቤት ወደደ ቢሉስ? የሆቴሉ ሰውዬ እስከዚያ ቁጭ ብሎ አይጠብቅሽም። አንቺ ሁለት ክረምት ብቻሽን በዚያ ቤት ያሳለፍሽው፣ ጣሪያ ሲያፈስ ባልዲ ስታዞሪ የነበርሽው ምን ሊሆን ነው? ወደኔ ነይ ያልኩሽ እኮ በዚህ ምክንያት ነው።

አባት ሁን ያልሽውን ግን አልችልም። እኔ ልጅ ድሬ አላውቅም። ሚስቴን በዛወርቅን ከቀበርኩ ወዲህ ደግሞ ድንኳን ሲተከል ባየሁ ቁጥር መንገድ ቀይሬ ነው የማልፈው። የልቅሶ ይሁን የሠርግ አልለይም። ሰዎች ተሰብስበው ሲዘፍኑ እሷ ከዚያ መሀል የምትወጣ ይመስለኛል። ስለዚህ ሰላሐዲንን ወይም ሌላ ሰው ጠይቂ።

ውክልናውን ለጊዜው አላነሳሁም። ለጊዜው።

ተስፋሁን


ቦንጋ፣ ጥር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ተስፍሽ፣

አጭር ነው የምጽፈው፤ ማዕረግ ሞተር አስነስቶ እየጠበቀኝ ነው።

ስለ በዛወርቅ የጻፍከውን አነበብኩና ወረቀቱን አጥፌ ቁጭ አልኩ። እኔ ሥራ የያዘህ ይመስለኝ ነበር። በየሠርጉ ስትቀር ለዘመድ ሁሉ ሥራ በዝቶበት ነው እያልኩ ነበር የማስተባብልልህ። አላስገድድህም።

ለዝማሬ ወንድሜ አይመቸውም አልኳት። «ምን አሉ?» አለችኝ። ሥራ አለበት አልኳት። ጡረታ መውጣትህን ግን ታውቃለች። ወዲያው ደግሞ ከሺሺንዳ ቢታ ገነት መኪና በስንት ሰዓት እንደሚደርስ ጠየቀችኝ። ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም።

ቃሌን ግን ሰጥቻለሁ፤ ሠርጉ ከዚህ ቤት ይሆናል። ውክልናህን ብታነሳ መብትህ ነው፤ አልቀየምህም። ትንሽ ግን እቀየምሃለሁ።

ዙፋን


ቢታ ገነት፣ ጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

እንኳን ለጥምቀቱ አደረሰሽ።

አንቺ ነሽ የላክሻቸው አይደለም? አላወቅኩም እንዳትዪኝ።

ከከተራው በፊት ያለው ዓርብ ነው። ያንቺ ክፍል ጣሪያ ላይ ወጥቼ ቆርቆሮ እመታለሁ። አዎ፣ ጥቃቅኑ ነገር ጣሪያው ነበር። ከታች አንድ ቀጭን ልጅ ቆሞ አንገቱን ወደ ጎን አዘንብሎ ያየኛል። «ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ። ግድግዳው ወደ ግራ ያዘነበለ ይመስለኛል» አለኝ። «ግድግዳው ደህና ነው፣ አንገትህን አቅናው» አልኩት። ከኪሱ ሲባጎ አወጣ፣ ጫፉ ላይ ድንጋይ አሰረ፣ አንጠለጠለው። እትዬ፣ ግድግዳው አዘንብሏል። ያኔ ማን እንደሆነ ገባኝ።

ልጅቷ መሰላሉን ይዛ ቆማ ነበር። ወረድኩ። ውሃ ሰጠኋቸው፤ ሌላ የሚቀርብ ነገር ቤቴ አልነበረም፣ እሱንም አይታለች። ቁጭ አለችና እንዲህ አለችኝ፣ «ጋሼ፣ በወረቀት እምቢ ብለውኛል። በአካል እምቢ ይበሉኝ ብዬ መጣሁ። በአካል ካሉኝ ሁለተኛ አላስቸግርዎትም።»

እኔም በዛወርቅን አነሳሁባት። የነገርኩሽን ሁሉ ነገርኳት። እንዲህ ያለ ነገር ስትነግሪያቸው ሰዎች «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ብለው ዓይናቸውን ወደ መሬት ያደርጋሉ። እሷ ግን «ምን ዓይነት ሴት ነበሩ?» አለችኝ። እትዬ፣ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሁሉም እንዴት እንደሞተች ነው የሚጠይቀኝ። ሳወራላት ዋልኩ። ሠርግ ቤት ስትሄድ ከሙሽሮቹ ቀድማ እንደምትጨፍር፣ ድምጿ ሸካራ ሆኖ ሳለ ዘፈን አውጪ ካልሆንኩ ብላ ከሰው ጋር እንደምትጣላ፣ ሁሉንም። ልጅቷ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። አሞጽ በዚህ መሀል ግድግዳውን በባላ ደግፎ ከጎረቤት ልጆች ጋር አቃናው፤ ጣሪያውንም ጨረሰው። ያንቺ ክፍል አልቋል። አሁን እውነቴን ነው።

እምቢ አላልኳትም። እሺም አላልኳትም። መኪናቸው እንዳያመልጣቸው አጣደፍኳቸው።

ማዕረግ አንድ ፌስታል ይሰጥሻል። ውስጡ ያለው ለራሴ ሠርግ ያሰፋሁት ሱፍ ነው። ወገቡ አልገባ ብሏል፤ ኮቱም ብብቴ ሥር ይይዘኛል። የሚለቀቅ ጨርቅ ካለው ልቀቂው። ሱሪውን አታሳጥሪው። ምንም አትጠይቂኝ።

ተስፋሁን


ቦንጋ፣ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ፣

ምንም አልጠይቅህም።

ሱፉን አየሁት። ወገቡ ላይ የሚለቀቀውን ሁሉ ለቅቄ አልበቃም፤ ከጀርባው ሌላ ጨርቅ አስገባሁበት። ኮቱን ካላወለቅህ አይታይም፤ ስለዚህ ምንም ያህል ቢሞቅህ ኮትህን እንዳታወልቅ። ስሰፋው እየዘፈንኩ ነበር። ሰላሐዲን ከአጥሩ ማዶ «ዙፋን፣ ምን አገኘሽ?» ይለኛል።

እኔ እንዳልላክኋቸው በማርያም እምልልሃለሁ። ዝማሬ ሥራ ፈቃድ ወስዳ ነው የሄደችው፤ አንተ የሆቴሉን ሰውዬ ነገር እንደሰማኸው፣ እኔም ይህን ከማዕረግ ነው የሰማሁት።

የግቢው በር ነገር አለቀ። ያስጨነቃቸው የሙሽራው መኪና አለመግባቱና ግቢው ለድንኳን መጥበቡ ነበር። አሞጽ በሩን አፍርሼ መልሼ እሠራለሁ ሲል ሰላሐዲን ሰማውና መጣ። «በር ማፍረስ ምን ያደርጋል? በእኔና በእናንተ መሀል ያለው አጥር ይነሳ። የእኔ በር ጭነት መኪና ያስገባል፤ ድንኳኑንም በሁለቱ ግቢ ትከሉት» አለ። እዚያው ጥሩሰውን ጠርቶ አጥሩን አስነሳ። እሱ አንዱን እንጨት ሲነቅል የሱቁ ደንበኞች ሌላውን ይነቅላሉ። ለካ ግቢያችን ያን ያህል ሰፊ ነው! ሚስቱ ሜሪ ከኩሽናዋ ወደ ኩሽናዬ ቀጥ ብላ ትመጣለች፤ ለዘመናት ዙሪያ ነበር የምትዞረው። የበግ ወጡን የምትሠራው እሷ ናት፤ የራሳቸውም የእስላም ሥጋ ለብቻው ይታረዳል። የማንኪራ ሰዎች ማርና ቆጮ እናመጣለን ብለዋል። ጠላና ጠጅ የለም። የሚጠጣው ብርዝ ነው። አንተ ስለ ብርዙ አስተያየት እንዳትሰጥ።

ፍቃዱ ትናንት መጥቶ ነበር፤ የሆቴሉ ሰውዬ ሌላ ቦታ ገዝቷል። አልደበቅኩህም፣ ይኸው ነገርኩህ። እንግዲህ ልጆቹ ቢቀሩ ገዢ የለኝም ማለት ነው። እንቅልፌን ግን እተኛለሁ።

ሐሙስ ና። ሽማግሌዎቹ ዓርብ ጠዋት ነው የሚመጡት። ሲለምኑህ ቶሎ እሺ እንዳትል፤ ትንሽ ተኮሳተርባቸው። እሱን ታውቅበታለህ።

ዙፋን


ቢታ ገነት፣ ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

በሰላም ገብቻለሁ። ሰኞ ጠዋት ሳልቀሰቅስሽ የሄድኩት ደክሞሽ ስላየሁ ነው፤ ተቀይመሽ ከሆነ ይቅርታ። እግሬ አብጧል። ማዕረግ ለመንገደኛው ሁሉ ለምን እንዳበጠ ሲያወራ ነው የመጣው።

አዎ፣ ጨፍሬያለሁ። ሰው የሚነግርሽ ሁሉ እውነት ነው። የማንኪራ ሰዎች በካፊኖኖ ሲዘፍኑ ቃሉን አላውቀውም፤ እግሬ ግን አወቀው። ከኋላዬ ሸካራ ድምፅ የምታወጣ አንዲት ሴትዮ ነበረች፣ ያቺ ቢጫ ሻርፕ ያሰረችው። ዞር ብዬ አየኋት፣ በዛወርቅ አይደለችም። አላዘንኩም እትዬ። በዛወርቅ ብትሆን ኖሮ ከእኔ ፊት ነበር የምትሆነው ብዬ ሳቅሁ። ኮቱንም አወልቄያለሁ። ጀርባዬን ያዩት ይዩት።

ያዘንኩት በምርቃቱ ብቻ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ አጥንቼ መጥቼ፣ ልጆቹ ተንበርክከው ጉልበቴን ሲስሙ ሁሉም ጠፋኝ። «ቤታችሁ ሰው አይጣ» ብቻ አልኩ። ሕዝቡ የሚቀጥለውን ሲጠብቅ እኔ አፍንጫዬን እጠርግ ነበር። አንቺ ባትደርሺልኝ ኖሮ እስካሁንም ተንበርክከው ይቀሩ ነበር።

አሁን አንድ ነገር አስቤያለሁ። መልስ አለባቸው። ሙሽሮች በመልስ የሚጠሩት የሴቷ ወላጆች ቤት ነው። ያ ቤት እንግዲህ ተፈርሞ የራሳቸው ሊሆን ነው፤ በራሳቸው ቤት መልስ አይጠሩም። የሴቷ እናት የምትኖረው ቢታ ገነት ነው፤ ክፍሏም አልቋል። ስለዚህ መልሱ እዚህ ይሁን። ጾሙ ሳይገባ፣ የካቲት 15 ቅዳሜ። በግ ገዝቻለሁ፤ ጎረቤቶቼን ጠርቻለሁ። ቤቱን ጠርጌ፣ የተዘጋውን መስኮት ከፍቼ፣ የበዛወርቅን ሳህኖች አውርጄ አጥቤያለሁ። ድንኳንም ተከራይቻለሁ። የማይበቃ ከመሰለሽ ግን አሞጽን ጠይቀሽ ላኪልኝ፤ ግቢዬን ለክቶት ሄዷል።

እምቢ እንዳይሉ አድርጊ።

ተስፋሁን


ቦንጋ፣ የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ተስፍሽ ወንድሜ፣

ተፈርሟል።

ዝርዝሩን እንዳለ ልንገርህ። ትናንት ጠዋት ማዘጋጃ ቤት ሄድን፤ እኔ፣ ዝማሬ፣ አሞጽ፣ ምስክሮቹ ሰላሐዲንና ጥሩሰው። የቀረውን ከፍለው ጨርሰዋል፤ ያንተም ድርሻ ባንክ ገብቷል። ፍቃዱም ድርሻው አይቅርበት ብዬ ጠርቼው ነበር፤ ጥግ ይዞ ቆመ።

የሚያዋውለው ልጅ ወረቀቱን ሲያነብ ቆየና «ሻጭ እዚህ ላይ ይፈርሙ» አለኝ። እስክሪብቶውን ያዝኩ። ያዝኩና ቆምኩ፤ ምን እንደነካኝ አላውቅም። መጸጸት አልነበረም። እጄ ብቻ ትንሽ ጊዜ ፈለገ። አንተን ያዘልኩበት ግቢ፣ አባባ ራዲዮ የሚሰሙበት በረንዳ በዓይኔ መጣ። ልጁም ሌሎች ወረፋ ይጠብቃሉ ይለኛል።

በዚህ መሀል ከኋላዬ፣ «እማዬ፣ ካልፈለግሽ ተይው፤ ሌላ ቀን እንመጣለን» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ሌላ ሰው የተጠራ መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁ። ከዝማሬ በቀር ማንም አልነበረም። እሷም ያለችውን አላወቀችውም፤ ቦርሳዬን ይዛልኝ ቆማለች።

ፈረምኩ ተስፍሽ። በሁሉም ገጽ ላይ ፈረምኩ፤ እንዲህ ጥርት አድርጌ ፈርሜ አላውቅም።

የሚያዋውለው ልጅ ቀና ብሎ ሁለታችንን አየን። «ቆይ፣ እናትና ልጅ ናችሁ?» አለ። አዎ አልን፣ ሁለታችንም። «እንግዲያው ይኼ ሽያጭ አይደለም፣ ስጦታ ነው መሆን ያለበት። ቅጹ ተሳስቷል» ብሎ ወረቀቱን ሊቀድ ተነሳ! ሰላሐዲን ጠረጴዛውን ተደግፎ እጁን ያዘው። አሞጽ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሊያስረዳው ሞከረ፤ ቁም ሳጥኑን፣ ልኬቱን፣ ሠርጉን። ልጁ ሰምቶ ሰምቶ፣ «ከሸጡላት በኋላ ነው የወለዷት ወይስ በፊት?» ብሎ ጠየቀኝ። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሳቀ። «ሸጬ ሳልጨርስ ነው» አልኩት። ማኅተሙን መታ።

ዛሬ ዕቃዬን አሰርኩ። ብዙ አይደለም፤ የልብስ ስፌት መኪናዬ፣ አልጋዬ፣ ሁለት ሻንጣ። ዝማሬና አሞጽ ሌሊቱን እዚሁ አብረውኝ አደሩ፤ እነሱ በትልቁ ክፍል፣ እኔ በሳሎኑ። ጠዋት ከእኔ ቀድማ ተነስታ ቁርስ ስታቀርብልኝ እንግዳ ሆኜ ተቀመጥኩ። ደስ አለኝ። ስትቀጂ ጠብ አታድርጊ ብዬ ተቆጣኋትም።

ቅዳሜ በማዕረግ መኪና እንመጣለን። መኪናውን ሙሉውን ተከራይተነዋል፤ እኔ፣ ሙሽሮቹ፣ ሚዜዎቹ፣ ሰላሐዲንና ሜሪ፣ ጥሩሰው፣ ከማንኪራ ስድስት ሰዎች፣ ያቺ ባለ ቢጫ ሻርፕ ሴትዮም አለችበት። አሞጽ ግቢህ እኛን ይይዛል፣ ጎረቤቶችህን ግን አይችልም ብሏል። አጥርህን ማን እንደሚያነሳልህ ከአሁኑ ፈልግ።

እህትህ፣ የዝማሬ እናት፣ ዙፋን